ለዳታ ፍጥነት ከመክፈልዎ በፊት፦ ስለ ብሮከርና ስለ ገበያ ዳታ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ማታ እሠራለሁ፣ ቀን ቀን ስቶክ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። 18,000 ዶላር አለኝ። የምጠቀመው ኮሚሽን የማይጠይቅ የስልክ አፕ ነው። ቻርት የማየው በነፃው ትሬዲንግቪው ነው። እዚያ የማየው ዋጋና ስገዛ የሚደርሰኝ ዋጋ አይገናኝም፤ ሁለት ሦስት ሳንቲም ሁልጊዜ ይበላኛል። አንድ ጓደኛዬ ችግርህ የዳታ ፍጥነት ነው፣ በወር 150 ዶላር ከፍለህ ፈጣን ዳታ ግዛ፣ ብሮከርም (የምትገዛበትንና የምትሸጥበትን ድርጅት) ቀይር አለኝ። ሌሎች ሁለት ጓደኞቼ የዕቁብ ገንዘባቸውን ጨምሬ እንዳንቀሳቅስላቸው ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም በእኔ አካውንት ገብቶ እንዲሠራ አስቤያለሁ። የትኛውን ብሮከር፣ የትኛውን ዳታ ልያዝ?»

ምላሽ፦ ጓደኛዎ ችግሩን ስቶታል። ያቺን ሁለት ሦስት ሳንቲም የሚበላዎ የዳታ ፍጥነት አይደለም። በወር 150 ዶላር ቢከፍሉም ሳንቲሟ መበላቷን አትተውም፤ በላዩ ላይ 150 ዶላሩ ይሄዳል።

ከቻርቱ እንጀምር። የአሜሪካ ስቶክ የሚገበያየው በአንድ ቦታ አይደለም። ከደርዘን በላይ የስቶክ ገበያዎች አሉ። ከዚህ ሌላ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ግብይት ከእነዚህ ገበያዎች ውጭ፣ ራሳቸው ገዢና ሻጭ እየሆኑ በሚያገበያዩ ትልልቅ ድርጅቶችና ኦርደር ለሕዝብ በማይታይባቸው ድብቅ መገበያያዎች ውስጥ ያልቃል። ነፃው ትሬዲንግቪው ለአሜሪካ ስቶኮች የሚያሳይዎት በነባሪ ሲቦ ከተባለው አንድ ገበያ የሚመጣውን ዋጋ ነው። መርካቶ ገብቶ አንድ ሱቅ ብቻ ጠይቆ «የከተማው ዋጋ ይሄ ነው» እንደማለት ነው። አፕል ወይም ኤንቪዲያ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ ሁሉም ሱቅ ተቀራራቢ ዋጋ ይጠራል። ብዙ ሰው የማይነካው ትንሽ ኩባንያ ላይ ግን ያ ገበያ ለሰከንዶች ምንም ግብይት ላያይ ይችላል። እርስዎ የሚያዩት የቆየ ዋጋ ይሆናል። ከጠዋቱ 3፡30 በፊት ማለትም በአሜሪካ አቆጣጠር ከ9:30 በፊት ከሆነማ ይብሳል። በቻርቱ ሥር ያለው የግብይት መጠንም የጠቅላላው ገበያ አይደለም፤ የዚያ ገበያ ድርሻ ብቻ ነው። መጠንን አይተው የሚገቡ ከሆነ በተሳሳተ ቁጥር ነው የሚወስኑት።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። ብዙ ጀማሪ አያስተውለውም። ቻርቱ ላይ የሚቆመው ዋጋ የመጨረሻው ግብይት ያለቀበት ነው። እርስዎ ግን በዚያ ዋጋ አይገዙም። ገዢዎች ካቀረቡት ከፍተኛው ቢድ ይባላል፣ ሻጮች ከጠየቁት ዝቅተኛው አስክ ይባላል። ቢዱ 12.40፣ አስኩ 12.44 ነው እንበል። የመጨረሻው ግብይት በ12.41 አልቋል። ቻርቱ 12.41 ይላል። እርስዎ «ግዛ» ብለው ማርኬት ኦርደር (ባለው ዋጋ ወዲያው ይፈጸም የሚል ትእዛዝ) ሲልኩ 12.44 ይሞላልዎታል። ሦስት ሳንቲም ሄደች። ማንም አልሰረቀዎትም፤ በቢዱና በአስኩ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ስፕሬዱን ነው የከፈሉት። ሲሸጡም እንደዚያው በቢዱ ስለሚሸጡ ሌላ ሳንቲም ይሄዳል። በዓለም ላይ ያለው ፈጣኑ ዳታ ይህን አይለውጥም። የሚለውጠው ሊሚት ኦርደር (ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም፣ በታች አልሸጥም የሚል ትእዛዝ) መጠቀምና ስፕሬዱ ጠባብ የሆነ ስቶክ መምረጥ ነው። ሊሚትም ነፃ አይደለም፦ አንዳንዴ አይሞላም፣ ስቶኩ ጥሎዎት ይሄዳል። ያን መቀበል የማይችል ሰው ስፕሬዱን እየከፈለ ይኖራል።

ስለ ፍጥነቱ ደግሞ። በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ ገበያ ምርጥ ቢዱንና አስኩን፣ የተፈጸመውንም ግብይት ወደ አንድ የጋራ መስመር ይልካል። ባለሙያዎች ሲፕ ይሉታል። ከዚህ መስመር ነው የአገሪቱ ምርጥ ቢድና አስክ የሚወጣው። ሦስት ክፍል አለው። ቴፕ ኤ በኒውዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ የተመዘገቡትን ይይዛል። ቴፕ ሲ የናስዳክ ነው። ቴፕ ቢ ደግሞ በሌሎቹ ገበያዎች የተመዘገቡትን፣ በተለይም ብዙዎቹን ኢቲኤፎች (እንደ ስቶክ የሚገበያዩ ፈንዶችን) ይዟል። ከዚህ የሚፈጥኑት ዳይሬክት ፊድ የሚባሉት ናቸው፤ ገበያዎቹ በቀጥታ የሚሸጧቸው። የሚገዟቸው ድርጅቶች ኮምፒውተራቸውን ኒው ጀርሲ ውስጥ ማህዋ፣ ካርተሬትና ሴኮከስ ባሉት የዳታ ማዕከላት፣ ከገበያው ማሽን አጠገብ ያስቀምጣሉ። የሚሻሙት በሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። እርስዎ ቨርጂኒያ ሳሎን ውስጥ በዋይፋይ ነው ያሉት። ዓይንዎ አይቶ ጣትዎ እስኪጫን ያለው ጊዜ ከዚያ ልዩነት በሺህ እጥፍ ይበልጣል። የገዙት ፍጥነት እቤትዎ ሳይደርስ ያልቃል።

በወር 150 ዶላር የሚሸጠው ጥቅል ብዙውን ጊዜ ፍጥነት አይደለም። ሌቭል ቱ የሚባለው የኦርደር ጥልቀት፣ ስቶክ የሚያጣራ ስካነርና ዜና ተጠቅልሎ ነው። እነዚህ ከንቱ ናቸው አልልም። ጠዋት በዜና የሚዘሉ ትንንሽ ስቶኮችን ለሚያሳድድ ሰው ስካነር የሥራ ዕቃው ነው። ሌቭል ቱ ላይ ግን ተስፋዎን ዝቅ ያድርጉ። የሚያዩት ሊታይ የተፈለገውን ነው። የተደበቁ ኦርደሮች አሉ፣ ከገበያው ውጭ የሚያልቀው ግማሽ አይታይም፣ ከሚታየውም አብዛኛው ሳይሞላ ይሰረዛል። «እዚህ ጋ 20,000 አክሲዮን የሚሸጥ ተሰልፏል፣ ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል» ብሎ መወሰን ብዙ ሰው አስከፍሏል።

ይህን ስል ዳታ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። «ሪል ታይም» (ቅጽበታዊ) የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። አንዳንድ አፖች ሪል ታይም ብለው የሚያሳዩት የናስዳክን ወይም የሲቦን ርካሽ ጥቅል ነው። አይኢኤክስ የተባለውን ገበያ ዳታ ብቻ በነፃ የሚሰጡም አሉ፤ የእሱ የገበያ ድርሻ ከመቶ ጥቂት ነው። ሌላው አሰጣጡ ነው። ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ ለምሳሌ ለስቶክ እያንዳንዱን ግብይት በየተራ አይልክም፤ በሰከንድ አራት ጊዜ ገደማ ሁኔታውን ጠቅልሎ ይልካል። ዋጋ ለማየትና ኦርደር ለመላክ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በእያንዳንዱ ግብይት ገዢው ነው ወይስ ሻጩ የገፋው ብለው የሚቆጥሩ ቻርቶችን ከሠሩበት ግን ቁጥሩ ይሳሳታል። ስለዚህ ብሮከሩን ይጠይቁ፦ የሦስቱም ቴፕ ሙሉ ዳታ ነው? እያንዳንዱ ግብይት ነው ወይስ የተጠቀለለ? ከመክፈቻ በፊትና ከመዝጊያ በኋላም ይሠራል? መልሱ «ሪል ታይም ነው» ብቻ ከሆነ ጥያቄዎ አልተመለሰም።

ዋጋውን የሚወስነው ትልቁ ነገር ግን እርስዎ ማን ነዎት የሚለው ነው። ገበያዎቹ ተጠቃሚን ፕሮፌሽናልና ኖን ፕሮፌሽናል ብለው ይከፍላሉ። ኖን ፕሮፌሽናል ለአንድ ቴፕ በወር አንድ ሁለት ዶላር ይከፍላል፤ ብዙ ብሮከሮች እሱንም ራሳቸው ይሸፍኑታል። ፕሮፌሽናል ለዚያው ዳታ በአስር ዶላሮች የሚቆጠር ይከፍላል፣ ለእያንዳንዱ ቴፕ። አካውንት ሲከፍቱ ሳናነብ «አይ፣ አይ፣ አይ» እያልን የምናልፈው መጠይቅ ይህን ነው የሚጠይቀው። ከጥያቄዎቹ አንዱ የሌላ ሰው ገንዘብ ያንቀሳቅሳሉ ወይ የሚል ነው።

የዕቁቡ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። አይቀበሉ። የጓደኞችዎን ገንዘብ ይዘው ኖን ፕሮፌሽናል ነኝ ብለው ከፈረሙ የሐሰት ቃል ነው የሰጡት፤ ገበያዎቹ ደግሞ ይመረምራሉ፣ ያለፈውን ልዩነት የሚያስከፍሉበትም ጊዜ አለ። ይህ ግን ትንሹ ነው። ከትርፉ ድርሻ ከወሰዱ ያለ ፈቃድ የኢንቨስትመንት አማካሪ ሆነዋል የሚል ጥያቄ ይነሳብዎታል። ግብሩም በእርስዎ ስም ነው የሚመጣው፤ ብሮከሩ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ የሚልከው ወረቀት የጓደኞችዎን ስም አያውቅም። የዕቁብ ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ቀን የተቆረጠለት ነው፤ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ለሠርግ ነው፣ አገር ቤት ለሚላክ ነው። ቀን ያለው ገንዘብ ይዞ ትሬድ የሚያደርግ ሰው ኪሳራን በጊዜ መቁረጥ ያቅተዋል። ጎበዝ ነህ ማለታቸውን አልጠላሁም። በብራዚል የፊውቸርስ (የወደፊት ውል) ገበያ ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከ300 ቀን በላይ በዴይ ትሬዲንግ (በዚያው ቀን ገዝቶ በመሸጥ) ከቆዩት ግለሰቦች 97 በመቶው መክሰራቸውን አሳይቷል። 

ወንድምዎም ቢሆን በእርስዎ የይለፍ ቃል መግባት የለበትም። የአካውንት ውሉ ይከለክላል። ዛሬ ከቨርጂኒያ፣ ነገ ከአዲስ አበባ የሚገባ አካውንት ሊዘጋ ይችላል፤ ክፍት ግብይት ይዘው ሳለም ሊዘጋ ይችላል። ለሌላ ሰው በሕጋዊ መንገድ የግብይት ሥልጣን የሚሰጥበት ቅጽ አለ፣ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው መፍቀድ አለመፍቀዱ የብሮከሩ ነው። መማር ከፈለገ በራሱ ስም የልምምድ አካውንት ይክፈት። ገበያው እሱ ጋ ከቀኑ 10፡30 ወይም 11፡30 ስለሚከፈት ከሥራ በኋላ ይደርስበታል።

አሁን ወደ ብሮከሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ላይ ሽዋብ የስቶክ ኮሚሽንን ዜሮ ሲያደርግ ሌሎቹ ትልልቆች በቀናት ውስጥ ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ «ነፃ» የሚለው ነገር የተለመደ ሆነ። ብዙዎቹ ነፃ ብሮከሮች ኦርደርዎን ወደ ገበያ አይልኩትም። እንደ ሲታዴል ሴኪዩሪቲስና ቪርቱ ላሉ ድርጅቶች ይልኩታል፣ እነሱም ለብሮከሩ ይከፍሉታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ላይ ሮቢንሁድ ከዚህ አሠራር ጋር በተያያዘ ደንበኞቹን አሳስቷል ተብሎ ለአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ ለኤስኢሲ 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ነፃ ብሮከር ሌባ ነው» ይላል። ይሄም ልክ አይደለም። ብዙ ሰው በሚገበያየው ስቶክ ላይ ትንሽ ኦርደር ከላኩ እነዚህ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ከአስኩ ትንሽ አሻሽለው ይሞሉልዎታል።

ሒሳቡን በራስዎ ቁጥር ይሥሩት። ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ ፕሮ በቋሚ ዋጋው ለአንድ አክሲዮን ግማሽ ሳንቲም ይወስዳል፣ ለአንድ ኦርደር ትንሹ 1 ዶላር ነው። 200 አክሲዮን ቢገዙ 1 ዶላር፣ ሲሸጡ ሌላ 1 ዶላር። በወር መቶ ጊዜ ገብተው ቢወጡ 200 ዶላር ነው። ስለዚህ የሚከፈልበት ብሮከር ቢያንስ በየአክሲዮኑ ግማሽ ሳንቲም የተሻለ ዋጋ ካላመጣልዎት ነፃው ይሻላል። በ50 አክሲዮን ከሠሩ ደግሞ ያቺ 1 ዶላር በአክሲዮን ሁለት ሳንቲም ትሆናለች፤ ሸሽተው የመጡት ሁለት ሳንቲም በሌላ በር ገባ ማለት ነው። ኦርደርን ወደፈለጉት ገበያ መላክ የሚያስችሉት ዳይሬክት አክሰስ ብሮከሮች የሚጠቅሙት ከመክፈቻ በፊት በትንንሽ ስቶኮች ለሚሠሩ፣ ሾርት ለሚያደርጉ (ይወርዳል ብለው አክሲዮን ተበድረው ለሚሸጡ) እና ብዙ ሺህ አክሲዮን ለሚልኩ ነው። እርስዎ እዚያ አልደረሱም።

ከኮሚሽን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ብሮከሩ በክፉ ቀን ሥራ ማቆሙ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን ገበያው ሲወነጨፍ ሮቢንሁድ ቀኑን ሙሉ ወድቆ ዋለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን ጠዋት ገበያው ሲናድ የሽዋብና የፊዴሊቲ ደንበኞችም ጭምር መግባት ተቸግረው ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን ደግሞ ሮቢንሁድና ሌሎችም የጌምስቶፕን ስቶክ መግዛት ከለከሉ፤ ምክንያቱ ግብይቱን የሚያወራርደው ድርጅት የጠየቃቸው መያዣ ገንዘብ በድንገት መናሩ ነበር። ትልቅ ስም ከዚህ አያድንም። ስለዚህ ስቶፕ ኦርደርዎን (ዋጋው እዚህ ከወረደ ይሸጥ የሚል ትእዛዝ) እንደገቡ ወዲያው ያስቀምጡ፤ «እየተከታተልኩ ነው» አይበሉ። የብሮከሩን የትሬድ ዴስክ ስልክ ቁጥር ስልክዎ ላይ ይያዙ። ስቶፕ ሲነካ ማርኬት ኦርደር እንደሚሆን ግን አይርሱ፤ ስቶኩ በአንድ ሌሊት ክፉኛ ከወረደ ካሰቡት በታች ነው የሚሸጥልዎት።

ስለ 18,000 ዶላሩ። የብሮከሮች ተቆጣጣሪ የሆነው ፊንራ ባወጣው፣ ለዓመታት በሠራው ሕግ መሠረት በማርጂን አካውንት (ከብሮከሩ እየተበደሩ በሚሠሩበት) ከ25,000 ዶላር በታች ያለው ሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ከሦስት በላይ ዴይ ትሬድ ማድረግ አይችልም ነበር። ፊንራ በ2025 እ.ኤ.አ. ይህን ሕግ በሌላ ለመተካት ተነስቷል፤ አካውንት በሚከፍቱበት ዕለት ብሮከሩ በምን ሕግ እንደሚሠራ በጽሑፍ ያስመልሱ። ለእርስዎ ግን ሕጉ ቢላላም ማርጂን አልመክርም። ካሽ አካውንት (በራስዎ ገንዘብ ብቻ የሚሠሩበት) ይበቃዎታል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ግንቦት 28 ወዲህ ስቶክ የሚወራረደው (ገንዘቡና አክሲዮኑ በትክክል እጅ የሚለዋወጡት) በማግስቱ የሥራ ቀን ነው። ዛሬ የሸጡበት ገንዘብ ነገ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው። ማለትም 18,000ውን በየቀኑ አንዴ ማዞር ይችላሉ። ዋናው የሚከለከለው ባልተወራረደ ገንዘብ የገዙትን፣ ያ ገንዘብ ሳይወራረድ መልሶ መሸጥ ነው፤ ከደጋገሙት ለ90 ቀን በተወራረደ ገንዘብ ብቻ እንዲገዙ ይገድቡዎታል። በቀን አንድ ዙር መገደብዎን እንደ ቅጣት አይዩት። የመጀመሪያውን ኪሳራ ለማስመለስ ሲሉ በሦስተኛውና በአራተኛው ግብይት ከመክሰር ይጠብቅዎታል።

ቴሌግራም ላይ «25 ሺህ አያስፈልግም፣ በ500 ዶላር ጀምር» የሚሉ ከአገር ውጭ የተመዘገቡ ብሮከሮችን ይለፏቸው። ሕጋዊ የአሜሪካ ብሮከር ቢወድቅ የብሮከር ደንበኞችን ገንዘብ የሚጠብቀው ሲፒክ በአካውንት ውስጥ ያለውን እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፣ ከዚህ ውስጥ ጥሬ ገንዘቡ እስከ 250,000 ነው። በትሬድ የከሰሩትን ግን ማንም አይመልስልዎትም። የውጭዎቹ ይህ ሽፋን የላቸውም። ማንኛውንም ብሮከር ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ፊንራ ብሮከርቼክ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በስሙ ይፈልጉት።

እንግዲህ ምርጫዬ ይኸው። ፊዴሊቲ ላይ ካሽ አካውንት ይክፈቱ። ለስቶክ ኮሚሽን የለውም፣ የስቶክ ኦርደርዎንም ሸጦ ክፍያ አይቀበልም። በዚህ መጠን ለሚሠራ ሰው ከሁለቱም ወገን ያለውን ጥቅም ይሰጣል። የዴስክቶፕ ፕሮግራሙ ጥሩ ነው፤ ቻርቱ ካላማረዎት የሽዋብ ቲንክኦርስዊም ይሻላል፣ እሱን ቢመርጡም አልከራከርዎትም። ቻርትም ቢድና አስክም ከዚያው ከብሮከሩ ፕሮግራም ይዩ፤ ነፃውን ትሬዲንግቪው ለሥዕሉ ብቻ ይያዙት። ማርኬት ኦርደር ያቁሙ። ስፕሬዱ ከሁለት ሳንቲም የሰፋ ስቶክ አይንኩ።

ከዚያ ይለኩ። እያንዳንዱን ኦርደር ሲልኩ ቢዱንና አስኩን ይጻፉ፣ የተሞላበትንም ዋጋ ይጻፉ። ሃምሳ ኦርደር ሲሞላ አማካዩን ያውጡ። በቢዱና በአስኩ መካከል ወይም ከዚያ በተሻለ እየተሞላልዎት ከሆነ ብሮከርዎ ምንም አልበደለዎትም፤ ኪሳራ ካለ ምክንያቱን የመግቢያና የመውጫ ውሳኔዎ ላይ ይፈልጉት። በተደጋጋሚ ከአስኩ በላይ እየገዙ ከሆነ ትንሽ ገንዘብ ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ ፕሮ ላይ አስገብተው፣ ሦስቱን ቴፕ በኖን ፕሮፌሽናል ዋጋ ገዝተው ተመሳሳይ ስቶክ ላይ ያወዳድሩ። የ150 ዶላሩን ጥቅል ማሰብ የሚችሉት የትኛውን ግብይት ያለ እሱ እንዳጡ በጽሑፍ ማሳየት ሲችሉ፣ ያጡትም በወር ከ150 ዶላር በላይ ሲሆን ነው።